ምዕራፍ 8፦ ያልሰማውን ማን ይጠይቀው?

በምዕራፍ 3 አንድ መልእክት በኔትወርክ ላይ ሲጓዝ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎ እንደሚሄድ አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ራውተሮች አድራሻውን እያነበቡ ጥቅሉን ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያሻግሩት ተመልክተናል። በሁለቱም ቦታ ሳንናገረው ያለፍነው አንድ ነገር አለ፤ ተቀባዩ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ላኪው ለማን እንደሚልክ ያውቃል፤ ተቀባዩም ሲደርሰው «ደርሶኛል»፣ ሲጎድልበት «ድገምልኝ» ይላል። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ግን ላኪው ተቀባዮቹን የማያውቅበት፣ ተቀባዮቹም መልስ የማይመልሱበት አሠራር ነው። ስሙ መልቲካስት ይባላል። ምዕራፉ የሚሟገትለትም አንድ ሐሳብ ነው፦ መልቲካስት ሲበላሽ የሚጮኽ የለም፤ ስለዚህ ደኅንነቱን ማወቅ የሚቻለው በየተቀባዩ አጠገብ ምስክር ተክሎ፣ የምስክሮቹን ቃል የሚመለከታቸው ሁሉ በሚያዩት አንድ ገጽ ላይ በማሰባሰብ ነው።

አዋጅ በሰኞ ገበያ

ስልክም ሬዲዮም ባልነበረበት ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ቃሉን ያሰማል። ገበያ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። እንደ ደሴው ሰኞ ገበያ ባለ ቦታ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከአልብኮና ከቃሉ የመጣ ሰው በአንድ ቀን ይገናኛል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየመጣበት ይበተናል። ነጋሪው ቤት ለቤት እየዞረ በር አያንኳኳም። አንዴ ይናገራል፤ የኩታበርን መንገድ የያዘው ሰው ቃሉን ተሸክሞ ይወጣል፤ መንገዱ ሁለት በሆነበት ቦታ ቃሉም ሁለት ይሆናል። ነጋሪው የደከመው ለአንድ ጊዜ ነው፤ የሰማው ግን አገር ነው።

መልቲካስትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ላኪው እያንዳንዱን ፓኬት አንዴ ብቻ ይልካል፤ ማባዛቱ የራውተሮቹ ሥራ ነው፤ እነሱም የሚያባዙት መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ነው። በፓኬቱ ላይ የሚጻፈው የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ ሳይሆን የቡድን አድራሻ ነው። ለዚህ ተብለው የተለዩት ቁጥሮች ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት ናቸው። ከአዋጁ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ አዋጅ ለወደደውም ላልወደደውም ይደርሳል፤ መልቲካስት ግን «ይህን ቡድን ልስማ» ብሎ ለጠየቀ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ይህን ጥያቄ ለቅርቡ ራውተር የሚያቀርብበት ደንብ አይጂኤምፒ ይባላል። ራውተሮቹ ደግሞ ጥያቄውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሳለፉ እስከ ላኪው የሚደርስ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል መንገድ ይሠራሉ፤ ይህን የሚነጋገሩበት ደንብ ፒም ነው። ጠያቂ የሌለበት ቅርንጫፍ ይቆረጣል።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። እንበልና ደሴ የሚሰጥ አንድ ትምህርት ኮምቦልቻ ባሉ 300 ኮምፒውተሮች ላይ በቀጥታ ይታይ፤ ቪዲዮውም በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይፍጅ። ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ከተላከ፣ ማለትም በዩኒካስት ከሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በሰከንድ 1,200 ሜጋቢት መውረድ አለበት፤ 1 ጊጋቢት የሚይዝ መስመር ይህን አይችለውም። በመልቲካስት ግን ሐረጎን የሚወርደው 4 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ የተመልካቹ ቁጥር 3,000 ቢሆንም ያው 4 ነው። መስመር ውድ በሆነበት አገር ይህ ልዩነት ትምህርቱ ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚለውን ይወስናል።

ሐሳቡን ያፈለቀው ስቲቭ ዲሪንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው፤ ደንቡ በኢንተርኔት ሰነድነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በመጋቢት 1992 (እ.ኤ.አ.) የኢንተርኔት መሐንዲሶች በሳን ዲዬጎ ያደረጉት ስብሰባ ድምፅ በመልቲካስት ለ20 ቦታዎች ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በአክሲዮን ገበያዎች የዋጋ ስርጭት፣ በፋይበር በሚመጣ ቴሌቪዥንና በደኅንነት ካሜራዎች ውስጥ ሥር ሰዷል።

ሲበላሽ የሚጮኽ የለም

ወደ ገበያው እንመለስ። የኩታበሩን ቃል የያዘው ሰው መንገድ ላይ ቢታመም ምን ይሆናል? ነጋሪው ነጋሪቱን ጎስሟል፣ ቃሉን አሰምቷል፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ኩታበር ያለውም ሰው አቤት አይልም፤ አዋጅ መነገሩን ካልሰማ አዋጅ እንደቀረበት በምን ያውቃል? ላኪው ደኅና ነው፤ ተቀባዩ ዝም ብሏል፤ በመካከል አንድ ወረዳ ሳይሰማ ቀርቷል። የመልቲካስት ብልሽት መልኩ ይህ ነው። የላኪው ሰርቨር አረንጓዴ መብራት እያበራ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ ፓኬቶቹ እየወጡ፣ አንድ ሕንጻ በሙሉ ጥቁር ስክሪን ሊያይ ይችላል።

መልስ የማይጠየቀው በስንፍና አይደለም። 300 ተቀባዮች ለእያንዳንዱ ፓኬት «ደርሶኛል» ቢሉ፣ በአንድ ፓኬት ምትክ 300 መልስ ወደ ላኪው ይጎርፋል፤ የተቆጠበው መስመር በመልስ ይሞላል። መልስ አለመኖሩ የመልቲካስት ጉልበት ነው፤ የድካሙም ምንጭ እሱው ነው። ሁለቱን መነጠል ስለማይቻል፣ መልሱ ከስርጭቱ ውጭ በሌላ ዘዴ መሰብሰብ አለበት።

አገራችን ይህን ጉዳይ በሰፊው አይታዋለች። ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ከአንድ ማዕከል በሳተላይት እየተነሣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ስክሪን ይደርስ ነበር። አንዴ ተልኮ ብዙ ቦታ መታየቱ የመልቲካስት ሐሳብ ነው፤ ምልክቱ ጣቢያውን ሲለቅ በስንት ክፍል እንደታየ ለላኪው የሚነግረው አለመኖሩም እንዲሁ። መብራት ቢጠፋ፣ ዲኮደሩ ቢበላሽ፣ የጣሪያው ሰሃን በነፋስ ቢዞር ትምህርቱ ማዕከሉ ላይ እንደተላለፈ ይቆጠራል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አልተላለፈም። መምህሩ ያውቃል፤ ተማሪው ያውቃል፤ እነሱ ያወቁት ግን በዚያው ሰዓት ማዕከሉ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ስለ ፕላዝማ የተነሡት ሌሎች ክርክሮች፣ የፍጥነቱም የቋንቋውም፣ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ስርጭት የሚለካው በላኪው በር ላይ ከሆነ፣ የሚለካው መላኩ እንጂ መድረሱ አይደለም።

ምስክር በየቀበሌው

መፍትሔው ከችግሩ ይወለዳል። ያልሰማ ሰው ራሱ መጥቶ አይናገርም፤ ስለዚህ መጠየቅ አለበት። ለዚህም በየቦታው የታወቀ ሰው ይቀመጣል፤ ሥራው በየጊዜው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ይህ 1,507ኛው ቃሌ ነው» ብሎ መናገርና ሌሎቹ የተናገሩትን መቁጠር ነው። ከ1,507 ቀጥሎ 1,509 ከሰማ 1,508 ጠፍቷል ማለት ነው። በኔትወርክ ይህን የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም ቢከን ይባላል። በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ የመልቲካስት ቡድን ይገባል፤ በቁጥር የተለጠፉ ትንንሽ ፓኬቶችን ይልካል፤ የሌሎቹን ይቀበላል፤ ስንቱ እንደጠፋ፣ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደዘገየ፣ መዘግየቱስ እኩል ነው ወይስ ይዋዥቃል የሚለውን ይመዘግባል።

የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ኤምትሬስ የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ከተቀባዩ ተነሥቶ ወደ ላኪው የሚወስደውን መንገድ ራውተር በራውተር ወደ ኋላ እየተከተለ የት እንደተቋረጠ ይጠቁማል፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ለሚችል ባለሙያ ዛሬም ይጠቅማል። ነገር ግን የሚያሳየው የተጠየቀውን መንገድ፣ በተጠየቀበት ሰዓት ብቻ ነው። በኋላ በአሜሪካ የምርምር ኔትወርኮች ዘንድ ኤንላነር የተባለው ተቋም ያዘጋጀው ቢከን፣ ከዚያም ሁጎ ሳንቶስ የጻፈው ዲቢከን የምስክሮችን ቃል ሰብስበው በድረ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ አወጡት። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከአንድ ባለሙያ መስኮት ወጥቶ ማንኛውም ባለ ብሮውዘር ወደሚያየው ገጽ ተሸጋገረ።

ሠንጠረዡን ማንበብ

ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚነበብ በቅርብ እንየው። አራት ምስክሮች አሉን እንበል፦ የደሴ ቤተ መጻሕፍት፣ የደሴ ላብራቶሪ፣ የኮምቦልቻ ቤተ መጻሕፍትና የኮምቦልቻ ላብራቶሪ። የአራቱ ስም በግራ በኩል ወደ ታች፣ በላይ በኩል ወደ ጎን ይጻፋል። የጎን ረድፍ ሰሚውን፣ የቁም ዓምድ ተናጋሪውን ያሳያል። ማንም ራሱን እንዲሰማ ስለማይጠየቅ የቀሩት 12 ሳጥኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የጠፋው ፓኬት በመቶኛ ይጻፋል። ደኅና የሆነው አረንጓዴ፣ የማይሰማው ቀይ ነው። የዚህ ገጽ ጥበብ በአንዱ ሳጥን አይደለም፤ ቀዩ በሚሠራው ቅርጽ ነው።

የኮምቦልቻ ላብራቶሪ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ ዓምዱ ግን አረንጓዴ ቢሆን፣ ሌሎቹ እሱን ይሰሙታል፣ እሱ ግን ማንንም አይሰማም ማለት ነው። ከተሞቹን የሚያገናኘው መስመር ነፃ ወጣ። ጥፋቱ እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ወይ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ገቢውን ዘግቷል፣ ወይ «ልስማ» የሚለው ጥያቄው ራውተሩ ጋ አልደረሰም። የደሴ ላብራቶሪን ድምፅ በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ያለው የደሴ ቤተ መጻሕፍት እየሰማው ኮምቦልቻ ባይሰማው፣ ቤተ መጻሕፍቱን ግን ሁሉም ቢሰማው፣ አሁንም መስመሩ ደኅና ነው። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው የዕድሜ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፓኬት አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ በየራውተሩ አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲሆን ይጣላል። መልቲካስት ሲላክ ይህ ቁጥር፣ ላኪው ካልቀየረው በቀር፣ በአብዛኛው 1 ነው፤ ስለዚህ ፓኬቱ ከግቢው ሳይወጣ ይሞታል። መድኃኒቱ በላኪው ፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው።

ደሴ ደሴን ቢሰማ፣ ኮምቦልቻም ኮምቦልቻን ቢሰማ፣ ከከተማ ከተማ ያሉት 8 ሳጥኖች ግን ቢቀሉ ጣት የሚቀሰረው ወደ መካከለኛው መስመር ነው። ግራ የሚያጋባው፣ በዚያው ሰዓት ኢሜይሉም ድረ ገጹም በዚያው መስመር ያለ ችግር ሊሠሩ መቻላቸው ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ራውተር የመልቲካስት ፓኬት ሲደርሰው «ወደ ላኪው ልመለስ ብል በየትኛው በር እወጣ ነበር?» ብሎ ያሰላል። ፓኬቱ የመጣው በሌላ በር ከሆነ ይጥለዋል፤ አንድ ፓኬት እየተባዛ ዞሮ ዞሮ ኔትወርኩን እንዳያጥለቀልቅ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ዋናና መጠባበቂያ መስመር ካለ፣ ፒም በአንዱ ላይ ብቻ ተከፍቶ መንገዱ በሌላኛው እንዲሆን ከታዘዘ፣ ተራው ትራፊክ ያልፋል፤ መልቲካስቱ በጸጥታ ይጣላል። በአንድ ረድፍ ብቻ ጥቂት በመቶ ከጠፋና የቀሩት ንጹሕ ከሆኑ ደግሞ ምስክሩ የተገናኘው በዋይፋይ መሆኑ ይጣራ፤ ዋይፋይ መልቲካስትን በዝቅተኛ ፍጥነትና ያለ ማረጋገጫ ስለሚልከው የሚጠፋው ይበዛል።

4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ

አንዳንድ ብልሽት በሳጥን ቀለም ሳይሆን በሰዓት ይታወቃል። ቪዲዮው ይጀምራል፤ ጥርት ብሎ ይታያል፤ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ቀጥ ይላል። ዘግተው ሲከፍቱት እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ያን ያህል ቆይቶ ይቆማል። ለመፈተሽ የተጠራ ባለሙያ ከፍቶ ለሁለት ደቂቃ ቢያይ «ይሠራል» ብሎ ይሄዳል። ሚስጥሩ በስዊቹ ውስጥ ነው። ስዊች ቪዲዮውን ለጠየቀው ወደብ ብቻ እንዲያደርስ የአይጂኤምፒን ጥያቄ ያዳምጣል፤ የጠየቁትንም በመዝገቡ ይይዛል። መዝገቡ ግን ይታደሳል፦ ራውተሩ በየ125 ሰከንዱ «አሁንም የሚሰማ አለ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ተቀባዮቹም በ10 ሰከንድ ውስጥ ሊመልሱ ይገባል። ሁለት ዙር ሙሉ መልስ ካልተገኘ ስሙ ይሰረዛል፤ ሁለት ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። በዚያ ኔትወርክ ላይ ጠያቂ እንዲሆን የተሾመ መሣሪያ ከሌለ ተቀባዩ የሚመልሰው ጥያቄ አያገኝም፤ ስዊቹም ስሙን ይፍቃል። የጊዜ ግራፍ የሚያስቀምጥ ገጽ ይህን በአንድ እይታ ያጋልጣል፤ እኩል እኩል ርቀት ላይ የሚወድቅ መስመር የአደጋ መልክ የለውም፤ የሰዓት መልክ አለው።

ለምን በብሮውዘር?

ይህ ሁሉ መረጃ በባለሙያ ላፕቶፕ ውስጥ በተጫነ ፕሮግራም ሊሰበሰብ ይችል ነበር። በድረ ገጽ መሆኑ የሚጠቅመው የመልቲካስት ጥፋት ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ነው። ስዊቹ የኮምቦልቻው ቴክኒሻን ነው፤ ራውተሩ የማዕከሉ፤ መስመሩ የቴሌኮም አቅራቢው፤ ካሜራው የደሴው። እያንዳንዱ የየራሱን መሣሪያ ብቻ ሲያይ «በእኔ በኩል ምንም የለም» ማለቱ እውነት ነው፤ አራት እውነት ተደምሮ ግን ቪዲዮው አልመጣም። አንድ ገጽ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁሉም ስክሪን ላይ ሲታይ ክርክሩ ያጥራል። ምንም ሳይጫን፣ በስልክም ቢሆን የሚከፈት መሆኑ ደግሞ ገና ሥራ የጀመረውን ቴክኒሻን ከነባሩ ጋር እኩል ተመልካች ያደርገዋል።

ጥንቃቄው ግን አብሮ ይመጣል። ሠንጠረዡ የኔትወርኩን ካርታ ስለሚያሳይ በይለፍ ቃል ይጠበቅ፤ ለማየት የሚገባ ሰው መቀየር አይቻለው። ገጹም ቀላል ይሁን፤ በደካማ መስመር ላይ የማይከፈት የመስመር መከታተያ ጥቅሙ የት አለ?

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ዩቲዩብ ያለ መልቲካስት ዓለምን ያዳርስ የለም ወይ?» የሚል ነው። እውነት ነው። በየድርጅቱ ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ መልቲካስት እንደታሰበው አልተስፋፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኢንተርኔት ሰነድም ማንም ላኪ ሊሆን የሚችልበትን የመልቲካስት ዓይነት በድርጅቶች መካከል መጠቀም እንዲቀር መክሯል። ነገር ግን ዩቲዩብ የሚያዳርሰው በየአገሩ ባስቀመጣቸው ብዙ ሰርቨሮች ጉልበት ነው። ያ አቅም በሌለበት፣ መስመሩም በአንድ ባለቤት እጅ በሆነበት ቦታ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሂሳቡ ዛሬም ወደ መልቲካስት ያደላል።

ሁለተኛው «ራውተሮቹ የራሳቸው መቁጠሪያ አላቸው፤ ምስክር ምን ያደርጋል?» ይላል። የራውተር መቁጠሪያ ቅርንጫፉ መዘርጋቱን ያሳያል፤ ከመጨረሻው ራውተር በኋላ ያለውን ስዊች፣ ፋየርዎልና ዋይፋይ ግን አያይም፤ ከላይ ካየናቸው ጥፋቶች ግማሽ ያህሉ ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ምስክሩ «አልሰማሁም» ይላል፤ መቁጠሪያው የት እንደቀረ ይነግራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

ሦስተኛው ቁጥርን ይመለከታል፦ ሁሉም ሪፖርት ካደረገ ያ የፈራነው ጎርፍ አይመለስም ወይ? ይህ አስቀድሞ ታስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርቲፒ የሚባለው የድምፅና ምስል ማስተላለፊያ ደንብ የተቀባዮች ሪፖርት ከጠቅላላው ትራፊክ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሰሚው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ቆየት እያለ ይናገራል። ከዚህም ሌላ ምስክር በየሕንጻው አንድ ይበቃል፤ 300 ሰው ሁሉ መመስከር የለበትም።

አራተኛው ከሁሉ ይጠነክራል፦ ምስክሩ ቃሉን የሚልከው በዚያው በተበላሸው መንገድ ከሆነስ? ዲቢከን ምስክሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው በራሱ በመልቲካስት ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ የተቆረጠ ምስክር ሪፖርቱም አይደርስም። የኤንላነሩ ቢከን ግን ሪፖርቱን ለአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር በተራው መንገድ ይልክ ነበር። ከዚህ የምንወስደው ደንብ፣ ምስክርነቱ ከሚመሰከርበት ነገር በተለየ መንገድ ይምጣ የሚል ነው። ያ በማይቻልበት ቦታም ገጹ የጠፋን ምስክር ከዝርዝሩ መሰረዝ የለበትም፤ ስሙን አስቀርቶ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ዝም ብሏል» ብሎ ይጻፍ። ከሠንጠረዥ ውስጥ በጸጥታ የሚጠፋ ስም ልናስወግደው የተነሣነውን ችግር መልሶ ያመጣዋል።

የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት የቴክኒክ ብቻ አይደለም። አንድ ተቋም የቪዲዮ ስርጭት ሲያስገነባ ርክክቡ ብዙውን ጊዜ የሚፈረመው ማዕከሉ ክፍል ውስጥ፣ ላኪው ሰርቨር ፊት ቆሞ ነው። እስካሁን ያየነው ሁሉ ፊርማው ሌላ ቦታ መሆን እንዳለበት ያሳያል፦ በየሕንጻው ምስክር ተተክሎ፣ ሠንጠረዡ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ የጊዜ ግራፉም ከውሉ ጋር ተያይዞ። ያን ጊዜ የተረከብነው የሚልክ ማሽን ብቻ አይሆንም፤ የሚደርስ ትምህርት ይሆናል።